የቲያባ እግር

ኡሪያም ያቺን የጀልባ ሞተር የገዛት በሰው አገር ብርቱካን ለቅሞ ነው። ሦስት ወቅት አውስትራሊያ ተመላልሶ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ሠርቶ፣ ያፈራት ሀብት እሷው ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ከዚያ ሲመለሱ ቴሌቪዥን፣ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ይዘው ነው የሚወርዱት። እሱ ሞተር ታቅፎ ከመርከብ ሲወርድ መንደሩ በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ፣ ሁለተኛ አገባህ እንዴ? አስተቃቀፍህስ!»

«ለአንደኛዋ እግር ገዝቼላት ነው» አለ ኡሪያም።

ቀልድ መስሏቸው ይበልጥ ሳቁ። እሱ ግን የምሩን ነበር። በሚስቱ በቲያባ ግራ እግር፣ ከአውራ ጣቷ ሥር የወጣችው ቁስል አልድን ብላ ከርማለች። ስኳር በሽታ ነው። የዚያ የፓሲፊክ ደሴት ሰው ድሮ ዓሣና ጎደሬ እየበላ ነበር የሚያረጀው። አሁን ባሕሩ እየገባ የጎደሬውን ጉድጓድ በጨው ገድሎታል፤ የሚበላው መርከብ የሚያመጣው ሩዝና ዱቄት ነው፣ የሚጠጣውም ስኳር የበዛበት ሻይ። በየመንደሩ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው አይጠፋም። ልጆች ሲጫወቱ እንኳ አንዱ ሁልጊዜ አንካሳ ሆኖ ነው የሚጫወተው።

ጤና ኬላው ደሴቲቱ ከከበበችው ከውስጠኛው ባሕር ማዶ ነው። በታንኳ ከሆነ ነፋሱ ከተባበረ ግማሽ ቀን፣ ካልተባበረ እግዜር ያውቃል፤ ሲደረስም ፋሻው በጨው ውሃ ርሶ፣ ቁስሉ እንደ ዓሣ ሆድ ነጥቶ ነው። በሞተር ግን ከቤት የጠጡት ሻይ ከሆድ ሳይወርድ ማዶ ነው። ሞተሯ ከመጣች ወዲህ ነርሷ ሲስተር ሩቴ ቁስሉን በየጊዜው እያጠበች፣ ዳር ዳሩ መቅላትና መክደን ጀምሮ ነበር።

«ይኸው ሥጋ እያወጣ ነው» አለች አንድ ቀን። «እንዲህ ከቀጠላችሁ ለገና ትጨፍሪያለሽ።»

«እንዳልጨፍር ማን ከለከለኝ?» አለች ቲያባ። «እጄ ደኅና አይደል?» እዚያው አልጋው ላይ ሆና የአገሩን ጭፈራ እጇን እንደ ወፍ ክንፍ ዘርግታ አሳየቻት።

የምርጫው ወሬ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የቲያባ ታናሽ ወንድም ካቢሪኤራ ዋና ከተማው ታራዋ ሆኖ ሲያስተምር ቆይቶ፣ ደሴቲቱን ወክዬ ፓርላማ ልግባ ብሎ ተነሣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ እህቱ ቤት መጣ። ሰሌን ተነጠፈለት፣ ዓሣ ተጠበሰለት። በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ ስለ ዘመድ ጤንነት ሁሉ ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«እህቴ፣ ቡቡሲ ይዤ ነው የመጣሁት» አለ።

ቡቡሲ ልመና አይደለም። ለማኝ «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ይሸኛል። ቡቡሲ ግን ዘመድ ለዘመድ፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ እምቢ ያለበት ሰው ከነልጅ ልጁ ስሙ ይጠፋል። ኡሪያም ቃሉን ሲሰማ ዓይኑ ሳያስበው በር ላይ ወደተደገፈችው ሞተር ሄደ።

«ሞተሯን ነው?»

«እስከ ምርጫው ብቻ ነው፣ አማቼ። ያ ተቀናቃኜ ጀልባውም ሞተሩም አለው። እኔ በታንኳ ሰሜን ደርሼ እስክመለስ ምርጫው አልቆ ሰው ተበትኗል።»

«እግሯስ?»

«እሱን ብዬ አይደል እንዴ የምወዳደረው! ጤና ኬላ እዚሁ፣ እናንተ በር ላይ አስተክላለሁ። እነዚያ የውጭ መርከቦች ዓሣችንን እያፈሱ የሚከፍሉት ኪራይ የት ይገባል? ለምን ፋሻ እንኳ አይሆነንም?»

«እንግዲያው መጀመሪያ ጤና ኬላውን ትከልና ከዚያ ሞተሯን ውሰድ» አለ ኡሪያም እየሳቀ። ሳቁ ግን አጃቢ አጥቶ ብቻውን ቀረ። ካቢሪኤራ አንገቱን ደፋ። ቲያባ ባሏን ገላመጠችው።

«አንተ! ወንድሜ እኮ ነው የጠየቀን።» ወደ ወንድሟ ዞራም፣ «ውሰዳት» አለች። «እሺ። ውሰዳት።»

ኡሪያም ሞተሯን ራሱ ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ታንኳው አደረሰለት። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ የወሰዱብህን ተሸክመህ ያሸኝሃል።

የምርጫው ወራት ደስ የሚል ወራት ነበር፤ ውሸት አይወራም። በሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት የደረቅ ኮኮናቱን ዋጋ በእጥፍ ጨመረ፤ ካቢሪኤራ «እኔ ከዚያም በላይ» አለ፤ ሰው ሁሉ ዓሣ ማጥመዱን ትቶ ኮኮናት ሲፈልጥና ሲያደርቅ ዋለ። መጋዘኑ ሞልቶ ከውጭ ተቆለለ። የሚጭነው መርከብ ግን አልመጣም። ኮኮናቱ በዝናብ ሻገተ፣ አይጥ ወረሰው፣ መንደሩ የሻገተ ዘይት መሽተት ጀመረ። ሰው ግን «ካቢሪኤራ ይመረጥልን እንጂ መርከቡን ያመጣዋል» ይባባላል።

ካቢሪኤራ ተመረጠ። አውሮፕላን ተሳፍሮ ታራዋ ሄደ። ሞተሯ አልተመለሰችም። ኡሪያም ጠብቆ ጠብቆ ሰው ቢልክ መልሱ መጣለት። ሰሜን ጫፍ ባለችው በኑካንታ መንደር የድሉ ግብዣ ሲበላ፣ ሽማግሌው ቴካይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተነሥቶ «እኛ ድምፃችንን ሰጠንህ፤ እኛም ቡቡሲ አለን» ብሎ ሞተሯን ጠየቀ። የመረጡት ሰው ምን ይበል? እሺ አለ።

ቲያባ ይህን ስትሰማ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኡሪያም የምታለቅስ መስሎት ቢጠጋ እየሳቀች ነው።

«ወንድሜ በእኔ እግር ሄዶ ፓርላማ ገባ! እኔ እዚህ ቁጭ፣ እግሬ እዚያ የተከበሩ!»

ሳቋ እንባ ሆኖ አለቀ።

በታንኳ ሁለት ጊዜ አሻገራት። በሁለተኛው ነፋስ መንገድ ላይ ጥሏቸው፣ ማዕበሉ ቁስሉን በጨው ውሃ ሲያርሰው ዋለ። ከዚያ ወዲያ «ሲስተር የሰጠችኝን ፋሻ እኔው እለውጠዋለሁ» ብላ አልሄድ አለች። ቀስ በቀስ አንድ ነገር አስተዋለ። ቲያባ አበባ መልቀም አብዝታለች። ከሰሌኗ ሥር፣ በፀጉሯ፣ በጭኗ ላይ ነጭ አበባ አይታጣም፤ የአበባ ዘይትም እግሯን ትቀባለች። ጎረቤት «ሙሽራዋ!» ይላታል። ኡሪያም ግን ከአበባው ሥር ያለውን ሽታ ያውቀዋል። የሚያውቅ መሆኑን እሷም ታውቃለች። ሁለቱም ስለ አበባው ብቻ ያወራሉ።

አንድ ማለዳ የታንኳውን ሸራ ወጥሮ ወደ ኑካንታ ተጓዘ። መንገዱ ረጅም ነው፤ በግራ ውስጠኛው ባሕር፣ ከቀጭኗ የመሬት ገመድ ወዲያ ደግሞ ውጪኛው ባሕር ያጓራል። ኡሪያም ብቻውን ሲሆን እምቢ ማለትን ተለማመደ። ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ፣ ጮክ ብሎ፣ «እምቢ» ይላል። «እምቢ፣ ሞተሯ የኔ ናት። እምቢ፣ መልሱልኝ።» የሚሰማው ሰው በሌለበት ቃሉ ቀላል ነበር። ከላይ የምትበር ወፍም ቁልቁል አላየችው፣ ሰማዩም አልወደቀ።

ኑካንታ ሲደርስ ወደ ማኔያባ ወሰዱት። ማኔያባ የመንደሩ ሁሉ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ከዳር ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንም ጎንበስ ሳይል አይገባም። ያመጣውን ትምባሆ ለሽማግሌዎቹ አቀረበ፤ እነሱም አመስግነው አበሉት። ሞተሯ ከመሃሉ ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች። አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቀውላታል፤ አበባው ደርቋል።

ኡሪያም አፉን ሊከፍት ሲል ሽማግሌው ቴካይ ቀደመው።

«አንተን እግዜር ነው ያመጣህ!» አለ። «ሞተሪቱ ሞታብናለች። ቤንዚን ብለን ከገዛነው ግማሹ ውሃ ሆኖ ተገኘ። ስንስባት ታስላለች እንጂ አትነሣም። አንዲት ቡቡሲ አለችን፣ ልጄ፤ አድንልን።»

«እኔ እኮ አባቴ፣ የመጣሁት…»

«እናውቃለን፤ የመጣህበትን ከዚያ በኋላ እንሰማሃለን። መጀመሪያ ሬሳው ይነሣ!»

ሁሉም ሳቁ። ኡሪያምም ሳቀ። እምቢ የሚለው ቃል ከጉሮሮው ተመልሶ ወረደ። ደግሞስ፣ አለ በሆዱ፣ የሞተች ሞተር ምን ትሠራልኛለች? ካዳንኳት በኋላ ብጠይቅ ማን ይከለክለኛል?

ካርቡሬተሯን ፈታ፣ በንጹሕ ቤንዚን አጠበ፣ ቀጭኗን ቀዳዳ በመንጠቆ ክር ጎረጎረ። ካንዴላዋ በጨው ተበልታ ነበርና ሌላ እስኪገኝ ሰው ወደ ሌላ መንደር ተላከ፤ የተላከው ሰው ሠርግ ላይ ደርሶ እዚያው ቆየ። ኡሪያም በየቀኑ እየበላ፣ በየቀኑ እየተመሰገነ፣ በየቀኑ ወደ ደቡብ እያየ ጠበቀ። ሳምንት አለፈ። ካንዴላው በመጣ ዕለት ገመዱን ሦስቴ ሳበ፤ ሞተሯ አጓራች። ሕፃናት እየጮሁ ባሕር ውስጥ ዘለሉ። ማታ ሳይሆን ማኔያባው ሞላ፣ የአበባ ጉንጉኑም በኡሪያም አንገት ላይ ዋለ።

ያኔ ተነሣ።

«አባቶቼ፣ እኔም ቡቡሲ አለኝ። ሚስቴ እግሯ እየሸተተ ነው። ሞተሯን ስጡኝ።»

ቴካይ ወደ ውጭ አየ። እዚያ የኑካንታ ኮኮናት በጆንያ ተደርድሮ መርከብ ይጠብቃል፤ መርከቡ ቢመጣ እንኳ ከሪፉ፣ ደሴቱን እንደ አጥር ከከበበው የኮራል ድንጋይ ወዲያ ነው የሚቆመው፣ ያለ ሞተር የሚያደርሰው የለም። የመንደሩ ሩዝ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሁሉም ያ ጆንያ ነው። ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«እሺ» አለ። «የጠየቀ ይሰጠዋል። ነገ እኛም የምንጠይቅ ነን።»

ኡሪያም ሞተሯን ታንኳው ላይ ገጥሞ ውስጠኛውን ባሕር ሲሰነጥቅ ደስታው ልቡን ሊያፈነዳው ደረሰ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ከውጪኛው ባሕር አድማስ ላይ የዓሣ መርከቦቹ መብራት በርቷል፤ ከተማ ይመስላል፣ ማንም ሊኖርበት የማይችል፣ ተከራይቶ የሄደ ከተማ። እሱ ግን ሞተሯን ብቻ ነበር የሚያየው። ነገ ማለዳ ማዶ እንሻገራለን ይላል። ሲስተር ሩቴ ትቆጣናለች፤ ትቆጣ።

ቤት ሲደርስ አበባው ክምር ሆኗል። ቲያባ ትኩሳት ይዟት ነበር። ፋሻውን ፈታው። ጣቶቿ ጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥቷል።

«ቆየህ» አለችው።

«ሞተሯን አመጣሁልሽ።»

«አየኋት። ደግሞ ከስታለች» አለችና ፈገግ አለች።

ማዶ ሲደርሱ ሲስተር ሩቴ አልተቆጣችም። ባለመቆጣቷ ነው ኡሪያም የፈራው።

«እዚህ የሚሆን ነገር የለኝም» አለችው ወደ ጓሮ ወስዳ። «ታራዋ ሄዳ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት። ቶሎ። የፊታችን በረራ ካመለጣት ለሚቀጥለው አትደርስም። አውሮፕላኑ ሁሌ ሙሉ ነው፤ ወንድሟን አናግር።»

ከጤና ኬላው ስልክ ታራዋ ደወለ። ካቢሪኤራ ድምፁን ሲሰማ አለቀሰ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም።

«እሺ!» አለ። «እሺ፣ እሺ፣ እኔ ወንበር እይዝላታለሁ! እህቴ አይደለች እንዴ! አውሮፕላን ማረፊያው ጠብቁ።»

ጠበቁ። አውሮፕላን ማረፊያው የተደለደለ ኮራልና አንዲት የዘንባባ ጥላ ናት። ቲያባን በበር ሳንቃ ላይ አስተኝተው አመጧት። ከጥላው ሥር ሌሎችም ነበሩ፦ አንድ ዓይኑ የታወረ ሽማግሌ፣ ለምክር ቤት ስብሰባ የሚሄድ ሰው፣ ሕፃን የታቀፈች ወጣት እናት። ኡሪያም ከሽማግሌው ጋር ወሬ ጀመረ።

«እርስዎስ ወንበር አለዎት?»

«አለኝ እንጂ! ካቢሪኤራ ራሱ እሺ ብሎኛል።»

የምክር ቤቱ ሰው ዞረ። «ለኔም እሺ ብሎኛል።»

ወጣቷ እናት ልጇን ብቻ ወደ ደረቷ አስጠጋች። ኡሪያም ገባው። ለሁሉም እሺ ብሏል። እንዴት እምቢ ይበል? መርጠውታል፣ ዘመዶቹ ናቸው፣ ቡቡሲ ነው።

አውሮፕላኑ አረፈ። አብራሪው መጀመሪያ ያወረደው «ለእህቴ ለቲያባ» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ጆንያ ስኳር ነው። ከዚያ አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ። አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው።

ጩኸት ሆነ። የምክር ቤቱ ሰው ሻንጣውን ይዞ ወደ ፊት ገፋ። ሽማግሌው «ዕድሜ ይከበር!» አለ። ኡሪያም ሁለቱንም በክንዱ ከልክሎ፣ «ሚስቴ ናት! ለእሷ ነው የተያዘው! ስሟ ተጽፎ የለ?» ብሎ ጮኸ፤ የተጻፈው ስኳሩ ላይ መሆኑን ያኔ አላስታወሰም። አብራሪው ሳንቃው ላይ የተኛችውን ሲያይ «እሷ ትግባ» አለ። ሰዎቹ ሊያነሷት እጃቸውን ዘረጉ።

ወጣቷ እናት መጥታ ሳንቃው አጠገብ ተንበረከከች። ሕፃኑ አይተነፍስም ለማለት ምንም አልቀረውም፤ የጎድን አጥንቱ እየገባ ይወጣል።

«እትዬ ቲያባ» አለች። ድምፅዋ በጭንቅ ነበር የሚሰማው። «ቡቡሲ።»

«እንዳትይ!» አለ ኡሪያም። «ቲያባ፣ እሺ እንዳትይ! አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ!»

ቲያባ ሕፃኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ኡሪያም ከንፈሯን ሲያይ፣ ባሕር ላይ ብቻውን የተለማመደውን ቃል በዓይኑ ሊያቀብላት ፈለገ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«እሺ» አለች። «ሂጂ፣ ልጄ።»

አውሮፕላኑ ተነሣ። ጆንያው ስኳር ከሳንቃው አጠገብ ቀረ።

ቲያባ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ሲስተር ሩቴ ያላትን ሁሉ ሰጠቻት፤ ያላት የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሽታውን መሸፈን ሰልችቷት ይሁን ተስኗት፣ አበባ አምጣልኝ አላለችም። ኡሪያም ግን ለቅሞ አመጣላት። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አበባ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ለቀብሩ ካቢሪኤራ ከታራዋ በአውሮፕላን መጣ። ከሱ ሌላ ተሳፋሪ አልነበረም፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶውን መጣ። በሬሳዋ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ተነሥቶም ጤና ኬላው እዚህ እንደሚተከል፣ በእህቱም ስም እንደሚጠራ ለሕዝቡ ነገረ። ሕዝቡም እሺ አለ። የስኳሩ ጆንያ ተፈትቶ ለለቀስተኛው ሻይ ሆነ። የሕፃኑ እናትም ከታራዋ አልተመለሰችም፤ ልጇ ይዳን አይዳን ማንም አላወቀም፣ ኡሪያምም አልጠየቀም። አንዱን መልስ መስማት ይችል ነበር፤ ሌላውን ግን አይችልም፣ የትኛው እንደሆነ ለራሱም አልታወቀው።

በማግሥቱ ሽማግሌው ቴካይ ከኑካንታ በታንኳ መጣ። አብሮ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ከልቡ አዝኖ፣ በጣም ተቸግሮ፣ እጁን እያሻሸ፣

«ልጄ» አለ። «መርከቡ ታየ። ከሪፉ ወዲያ ቆሟል። ነገ ካልጫንን ይሄዳል።» ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ጨመረ፦ «ቡቡሲ።»

ኡሪያም በር ላይ የተደገፈችውን ሞተር አየ። ሽማግሌውን አየ፤ ሐቀኛ ሰው ነው፣ ሲጠየቅ የሰጠ ሰው ነው፣ ከኋላው አንድ መንደር ይራባል። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለ። አፉን ከፈተ። ቃሉን ያውቀዋል፤ ባሕር ላይ ስንት ጊዜ ብሎታል። ምላሱ ላይ አስቀመጠው፣ ጥርሱ ድረስ አመጣው።

«እሺ» አለ።

ሞተሯን ትከሻው ላይ አነሣና ወደ ሽማግሌው ታንኳ ወረደ።